አዌቱ፣ ቦዬ፣ ጅሬን፦ መንገዱ ለማን እንደሚሆን ጽፋችሁ አቁሙልን

ይድረስ ለጅማ ከተማ አስተዳደር የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ የእግረኛ መንገድ ለምትነድፉ መሐንዲሶች

አካም ጅርቱ፣ እንደምን ከርማችኋል።

በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የአዌቱን ወንዝ፣ የቦዬን ረግረግና የጅሬንን ኮረብታ በእግር መንገድ አገናኙልን። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ መንገድ ለማን እንደሚሆን ወስኑና መነሻው ላይ ጽፋችሁ አቁሙ። ለማን ስል ለጎረምሳው ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ልጅ ላዘለች እናት፣ በክራንችና በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ፣ ለማያይም ሰው ነው።

በዚህ ነገር ባሕር ያላቸው አገሮች ቀድመውናል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2012 የባሕር ዳርቻዋን ሁሉ የሚከተል 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ ከፍታለች። በዚያ ርቀት ላይ ገደሉም፣ ዳገቱም፣ አሸዋውም አለ። ሁሉንም ሜዳ አላደረጉትም፣ አይቻልምም። መንገዱን ከፋፈሉትና የትኛው ክፍል ለዊልቸርና ለልጅ ጋሪ እንደሚመች፣ የትኛው ትንፋሽ እንደሚያሳጥር ለይተው አሳወቁ። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የባሕር ዳርቻ መንገድም እንዲሁ ከቀላል እስከ በጣም ከባድ ደረጃ ወጥቶለታል። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ "ይቺኛዋን እችላታለሁ" ይላል፣ ይወጣል። ጅማ ባሕር የላትም። ወንዝ፣ ረግረግና ኮረብታ አላት፣ ይበቃናል።

አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ቀላሉ መንገድ መሆን ያለበት እሱ ነው። ብዙ ሰው ሳይሳፈር ይደርስበታል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ መንገድ በአማካይ ቀላል ሊሆን አይችልም። 2 ኪሎ ሜትር ልስልስ ያለ ንጣፍ ሠርታችሁ መሃል ላይ አንድ ክዳኑ የጠፋ ዲች ከተዋችሁ፣ በዊልቸር የመጣው ሰው መንገድ እዚያው አለቀ፣ የቀረው ንጣፍ ለሌላ ሰው ነው የተሠራው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ከፍ ያለ ጠርዝ ካየች "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ" ትላለች፣ የምትጠብቅበት ወንበር ግን የለም። ስለዚህ መንገዱን ስትመዝኑ በጣም አስቸጋሪውን ቦታ ይዛችሁ መዝኑት፣ ስሙንም ከእሱ አውጡለት።

ራምፕ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፣ ማለትም 1 ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሕንፃ በር ላይ የምናየውን ራምፕ ግን ሞተር ሳይክልም በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው አይመስለኝም፤ ለወጉ ያህል የተደረገ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ካዘዘ ቆይቷል፣ አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የምጠይቀው ውለታ አይደለም ለማለት ነው።

ንጣፉንም አስቡበት። የሚያብረቀርቀው ዓይነት ለፎቶ ያምራል፣ የጅማ ዝናብ ሲነካው ግን ሳሙና እንደተቀባ ነው። ኮብልስቶን አያንሸራትትም፣ በዊልቸር የሚሄደውን ግን አጥንቱን ያራግፈዋል። ሻካራና ደልዳላ የሆነ፣ ውኃ የማይተኛበት ነገር ይሻላል። ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ቢጫ ንጣፍ ደግሞ መስመር መስመሩ "ቀጥል"፣ ነጠብጣቡ "ተጠንቀቅ" ማለት ነው፣ ለጌጥ ተቀላቅሎ አይነጠፍም። ቀጥል ብሎ ወስዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር የሚያጋጭ ከሆነማ ባይኖር ይሻላል።

ቦዬ ሌላ ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ መውጫ ላይ ያለው ይህ ረግረግ ሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ይጎርፍበት ነበር፤ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፉት ትልልቅ ወፎች እዚያ ናቸው፣ ጉማሬውም እዚያ ነው። መካከለኛው መንገድ ይሁን። አደራ፣ አፈር ደፍታችሁ ጎዳና እንዳታደርጉት! ውኃው የሚተላለፍበት ቦታ ከታጠረ ረግረጉ ይደርቃል፣ ከዚያ ወፉም ጉማሬውም የለም። በባህር ዛፍና ለጡብ በሚቆፈረው ጭቃ የደረሰበት ይበቃዋል። ምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት መተላለፊያ፣ ሁለት ዊልቸር የሚተላለፍበት ስፋት ያለው፣ ዳር ዳሩ መደገፊያ ያለው፣ መጨረሻው ላይ ጥላና ወንበር ቢኖረው ሌላ ምንም አልፈልግም። ጡብ በመሥራት የሚኖሩትን ወጣቶች ደግሞ አስጎብኚና ጠባቂ ብታደርጓቸው ሜዳውን ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

ጉማሬን አቅልላችሁ አትዩት። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ በእሱና በውኃው መካከል የገባ ሰው ሲያገኝ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም። ሮጦ ማምለጥ ለጎረምሳም ይከብዳል፣ በክራንች ለሚሄደውማ አይወራም። መንገዱ ከ11 ሰዓት በኋላ ይዘጋ፣ በርና ጠባቂም ይኑረው።

ጅሬን ከባዱ ነው፣ ከባድ ሆኖ ይቅር። ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ዳገት። አቅም ያለው ወጣት ላቡን ያፍስስበት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ግቢ ማየት የጎበዝ ዳገተኛ መብት ብቻ መሆን የለበትም። አቅም የሌለው በባጃጅ ይውጣ፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከተማውን ቁልቁል እያየ የሚዞርበት አጭርና ደልዳላ መንገድ ይጠብቀው። ቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሥራ ነው፣ ፎቁ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ቅርስ ስለሆነ ሊፍት አስገቡበት አልልም። የፎቁን ፎቶ ትልቅ አድርጋችሁ ምድር ቤት ስቀሉት፣ መውጣት ያልቻለው ሰው እሱን እያየ ማብራሪያውን ይስማ። ይሄ ስንት ብር ይፈጃል?

ሰሌዳው ላይ "ቀላል" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የ20 ዓመት ልጅ ቀላል ያለው ነገር የአያቱ ቀላል አይደለም። ርቀቱን ጻፉ፣ ስንት ደረጃ እንዳለው፣ ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ወንበርና መጸዳጃ ቤት በየስንት ሜትሩ እንዳለ፣ ዝናብ ሲዘንብ የትኛው ጋ ጭቃ እንደሚሆን፣ የደከመው ሰው የት ወጥቶ ባጃጅ እንደሚያገኝ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። የቀረውን ሰው ራሱ ይወስናል፣ አቅሙን ከእናንተ በላይ እሱ ያውቃል።

ለመለካት ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያሉት የምሕንድስና ተማሪዎች ተዳፋት መለካት ይችላሉ፣ ደስ ብሏቸው የሚሠሩት ይመስለኛል። ግን ተማሪዎቹን ብቻቸውን አትላኩ፣ በዊልቸር የሚሄድ፣ የማያይና በዕድሜ የገፋ ሰው አብሯቸው ይሂድ። ከክረምት በኋላም እንደገና ይለካ፣ ጎርፉ በየዓመቱ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

አዌቱን አስቀድሙ፣ ከመለኪያ ቀናችሁም አንዱን ሐሙስ አድርጉት። የገበያ ቀን ሸቀጡ እግረኛ መንገዱ ላይ ሲዘረጋ፣ አህያውም ባጃጁም ሲጋፋ፣ ባዶውን ቀን 3 ሜትር የነበረው መንገድ ስንት ሆኖ እንደሚቀር እዩት። ሰሌዳው ላይ የሐሙሱም ይጻፍ።

አክባሪያችሁ
አንድ የሄርማታ ነዋሪ፣ ጅማ