ለቅዳሜው ውይይት፦ ሽማግሌው ያማሞቶ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ የምንወያየው «ብሊች» በተባለው የጃፓን ማንጋና አኒሜ ውስጥ ስላለው የሞት አማልክት (ሺኒጋሚ) ጦር ዋና አዛዥ፣ ስለ ገንሪዩሳይ ያማሞቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረውን «የሺህ ዓመቱ የደም ጦርነት» የተባለውን አኒሜ ክፍል 6 እና 7 አይታችሁ ኑ። ገና ያላያችሁ ከዚህ በታች ያለውን ባታነቡት ይሻላል።

ሽማግሌው ምርኩዝ ይዞ ሲቆም አቅመ ደካማ ይመስላል፤ ምርኩዙ ግን ሰይፍ ነው። ሰይፉ የመጨረሻ ኃይሉን ሲያወጣ ነበልባል የለም። እሳቱ በሙሉ ባረረው ስለት ላይ ይከማቻል፤ የአገሩ ውሃ ይደርቃል፤ የበረዶ ኃይል ያለው የጦር አለቃ የሂትሱጋያ በረዶ እንኳ ከሩቅ ይተናል። ለረጅም ጊዜ ከተጠቀመበት እጠብቀዋለሁ ያለውን ዓለም ራሱ ያቃጥለዋል!

እኔን ያናደደኝ ኃይሉን የጠላት መሪውን ዩሃባሃን መስሎ በቀረበው አስመሳይ ላይ መጨረሱ አይደለም። ከከዳው የጦር አለቃ ከአይዘን ጋር ሲዋጋ ያጣውን ግራ እጁን የጠፋ አካል የመመለስ ኃይል ያላት ሰብዓዊቷ ልጅ ኦሪሂሜ ልትመልስለት ስትችል አለመጠየቁ ነው። እውነተኛው ዩሃባሃም ይህንኑ እያነሳ ተሳለቀበት። የሰው ልጅን ላለማስቸገር ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ግትርነት ነው።

የምትቃወሙኝ ሐሳባችሁን እስከ ዓርብ ማታ ላኩልኝ።