ላልተመታ ኳስ ነፋስን መክሰስ

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ቤዝቦል ቡድናችን ስለ ሲያትል ማሪነርስ መቺዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፤ ሁለተኛው የተናደድኩት በከንቱ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነበር። ዘጋቢያችሁ ቡድናችን ለዓመታት መምታት ያቃተው «በዋናነት በሜዳው ስፋትና ከባሕሩ በሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ነው» ብሎ ፈርዷል። ወረድ ብሎ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሀበሻው ስታዲየሙን የሚያውቀው በመኪና ማቆሚያው በኩል እንደሆነ ጣል አድርጓል። ለሁለቱም መልስ አለኝ። ስድቡ ቆይቶ ይደርሳል፤ አየሩ ይቅደም።

በ2024 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የማሪነርስ መቺዎች 1,625 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነዋል፤ ማለትም ኳሷን ስተው ወይም ጥሩዋን አሳልፈው ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮባቸው ወጥተዋል። በዚያ ዓመት ከሠላሳዎቹ የሜጀር ሊግ ቡድኖች የባሰበት አልነበረም። ለ162 ጨዋታ ሲካፈል በጨዋታ ዐሥር ይደርሳል። አንድ ቡድን በዘጠኝ ኢኒንግ (የመምታት ዙር) ያለው 27 አውት (የመቺ መውጣት) ነው፤ ከዚያ ውስጥ ዐሥሩን ኳሷን ወደ ሜዳ እንኳ ሳናስገባ ለተጋጣሚ እናስረክባለን ማለት ነው። እንግዲህ ዘጋቢያችሁ ያስረዳኝ። ስትራይክ አውት የሆነ ሰው ኳስ አልበረረችም፤ ከመቺው ኋላ ኳስ በሚቀበለው ካቸር ጓንት ውስጥ ገብታ ቀርታለች። የባሕሩ አየር የት አግኝቶ ያዛት? መቺው ከሚቆምበት ከሆም ፕሌት እስከ ጓንቱ ባለችው ክንድ በማትሞላ ቦታ?

ሜዳው ቀላል ነው አላልኩም። ሜዳችን ቲ-ሞባይል ፓርክ መቺን እንደሚያስቸግር ሊጉ በሙሉ ያውቃል። በአፕሪል ማታ፣ ሌላ ከተማ ቢሆን አጥር ተሻግራ ሆም ራን የምትሆን ኳስ እዚህ አጥሩ ሥር ትሞታለች። ከወርዋሪው እጅ የምትወጣውን ኳስ እዚያ ቆሞ በደንብ ማየት ይከብዳል ያሉ ተጫዋቾችም አሉ፤ ውሸታም አልላቸውም። ነገር ግን ያው ዘገባ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ ወርዋሪዎቻችንን ሎጋን ጊልበርትን፣ ጆርጅ ከርቢንና ብራያን ዉን ሰማይ ያደርሳቸዋል። መቺው ሲወድቅ ጥፋቱ የሜዳው፣ ወርዋሪው ሲያሸንፍ ችሎታው የራሱ! አንዱን ይምረጥልን። ሜዳው መቺን የሚያደክም ከሆነ ለወርዋሪው ያግዘዋል፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ በተለያየ ሚዛን መመዘን አይቻልም። እንግዳው ቡድንስ የሚመታው የት ቆሞ ነው? እኛስ ብንሆን ከዓመቱ ጨዋታ ግማሹን፣ 81ዱን፣ የምንጫወተው በሰው ከተማ አይደለም? ወይስ አየሩ ትኬት ቆርጦ ይከተለናል?

ችግሩ ስልቱ ነው። ከ2015 ጀምሮ ቡድኑን የሚመራው ጄሪ ዲፖቶ ይዞት የመጣው ትምህርት ዞኑን፣ ኳስ ስትራይክ የምትባልበትን ክልል፣ መቆጣጠር ነው። መቺው መጥፎ ኳስ አይንካ፣ የሚወዳት እስክትመጣ ይታገሥ፣ ስትመጣ ግን አይማራት። በወረቀት ላይ ማን ይጠላዋል? በሬዲዮ ሲሰማ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ መሐል ለመሐል ትመጣለች፤ ልጁ ቆሞ ያሳልፋታል። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሁለት ስትራይክ ከተቆጠረበት በኋላ አፈር ላይ የምትወድቀዋን ሦስተኛዋን፣ ዳመና ሊበጥስ ይመስል፣ በሙሉ ጉልበቱ ይሰነዝርባትና ተመልሶ ይቀመጣል። ነጥብ ከማምጣት በፊት ባለው የመጨረሻ ማረፊያ፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ፣ ሰው ቆሟል፣ አውቱ ገና አንድ ነው፤ ተንከባልላ የምትሄድ ደካማ ኳስ እንኳ ነጥብ ልታመጣ ትችላለች። እኛ ግን ሆም ራን እንጠብቃለን። ይሄ ትዕግሥት ከተባለ ታክሲ ተራ ላይ ያንቀላፋ ሾፌርም ታጋሽ ነው።

የሚገርመው፣ አለቆቹ ራሳቸው በሽታውን አውቀውት ነበር። በ2023 ኤውሄኒዮ ስዋሬዝ 214፣ ቴኦስካር ኸርናንዴዝ ደግሞ 211 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኑ። ስዋሬዝን ለአሪዞና አሳልፈው ሰጡት፣ ኸርናንዴዝንም ውሉ ሲያልቅ ለቀቁት። ሁለቱ ከሄዱ ቁጥሩ ይወርዳል ተባለ። ከ1,603 ወደ 1,625 ወጣ! ኸርናንዴዝ በዚያው ዓመት ከዶጀርስ ጋር የሊጉን ፍጻሜ፣ ዎርልድ ሲሪስን፣ በላ። እኛ በጁን አጋማሽ ምድባችንን በዐሥር ጨዋታ ስንመራ ቆይተን፣ በአንድ ወር ገደማ መሪነቱ ከእጃችን ወጣ፤ በመጨረሻም በአንድ ጨዋታ ልዩነት ከፕሌይኦፍ (ከዓመቱ መጨረሻ የጥሎ ማለፍ ውድድር) ውጭ ቀረን። በ2023ም የቀረነው በአንድ ጨዋታ ነው። ከዐሥሩ ስትራይክ አውት አንዷ ብቻ፣ በአንድ ማታ ብቻ፣ ኳስ ብትነካ ኖሮ ማለት ያስቀየማችሁ ካለ ይቅርታ፤ እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ሜዳውን ከክሱ ነጻ የሚያወጡት ምስክሮች ደግሞ ሩቅ አይደሉም። ኦገስት 2024 ላይ አሠልጣኙን ስኮት ሰርቪስን አሰናበቱና ዳን ዊልሰንን ሾሙ፤ መቺዎቹን እንዲይዝ ኤድጋር ማርቲኔዝን ጠሩት። በቀሩት 34 ጨዋታዎች ቡድኑ 21 አሸነፈ። ሜዳው ያው፣ ቅዝቃዜው ያው፣ አብዛኞቹ መቺዎችም ያው። በ2025 ካል ራሊ 60 ሆም ራን መታ፤ ቤቱ ሌላ ቦታ ነበር እንዴ? ስዋሬዝንም ጁላይ ላይ መልሰው አመጡት። ኦክቶበር 17 ማታ ወደ ዎርልድ ሲሪስ ለማለፍ ከቶሮንቶ ጋር ስንጫወት፣ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ራሊ ውጤቱን እኩል አደረገው። ቤዞቹ ሲሞሉ ስዋሬዝ ኳሷን ከአጥር ውጭ ወረወራት፤ 6 ለ 2። ያም በዚያው «መቺን በሚገድለው» ሜዳ ነው። ወደ ኋላ እንሂድ ካላችሁም የቀድሞው መቺያችን ኢቺሮ አለላችሁ። በ2004፣ የዛሬው ቲ-ሞባይል ፓርክ ሴፍኮ ፊልድ በሚባልበት ዘመን፣ 262 ሂት (ቤዝ የሚያደርስ ምት) መትቶ ከ1920 ጀምሮ የቆየውን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። ኢቺሮ አየሩን ለመነው ወይ? ኳሷን ነካት፣ ሮጠ፤ በቃ።

የዚያኑ ፍልሚያ የመጨረሻ፣ ቶሮንቶ ላይ የተጫወትነውን ሰባተኛውን ጨዋታ ላንሳ አላንሳ ብዬ አመነታሁ። 3 ለ 1 እየመራን ጆርጅ ስፕሪንገር በሰባተኛው ኢኒንግ ሦስት ነጥብ የሚያመጣ ሆም ራን መታብን። 4 ለ 3 ተሸነፍን። ዎርልድ ሲሪስ ደርሶ የማያውቅ ብቸኛው ቡድን ሆነን ቀረን። የመጨረሻው አውት እንዴት እንደመጣ ዘጋቢያችሁ አልጻፈውም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፈው። ስትራይክ አውት ነው። በካናዳ።

አሁን ወደ መኪና ማቆሚያው። እውነት ነው፣ ኤርፖርቱ የታክሲ ተራ ውስጥ ነው የምንውለው። ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሶማሌው፣ ፑንጃቢው፤ ሬዲዮው ተከፍቶ፣ ቡናው በፔርሙስ። እኔ ሲያትል የገባሁት ቡድኑ 116 ጨዋታ ባሸነፈበት በ2001 ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ፕሌይኦፍ ሳናይ ከቆዩት ውስጥ ነኝ። እንግሊዝኛዬን ያቃናልኝ ዴቭ ኒሃውስ ነው፤ ከ1977 እስካረፈበት 2010 ድረስ ጨዋታውን በሬዲዮ ያስተላልፍ የነበረው። ተሳፋሪ ውጤቱን ሲጠይቀኝ ውጤቱን ብቻ አልነግረውም፤ ለምን እንደተሸነፍን እስከ ሆቴሉ በር አስረዳዋለሁ። አንዳንዱ ጉርሻ ይጨምርልኛል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያወጣል። እዚሁ የተወለደው ልጄ «አባዬ፣ ጤናህን ጠብቅ» ብሎ ሬዲዮውን ይዘጋብኛል። ዘጋቢያችሁ ግን መሐል ከተማ ሁለት ቡና ቤት ገብቶ ያነጋገራቸውን ሰዎች «የከተማዋ ደጋፊዎች» አላቸው፤ እኛን፣ በገዛ ቋንቋችን በሚጻፍ ገጽ ላይ፣ የመኪና ጠባቂ አደረገን። በነገራችን ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚሠሩት ወገኖቻችንም የጨዋታውን ውጤት ከብዙ ጋዜጠኛ ቀድመው ያውቃሉ፤ ሕዝቡ በስንተኛው ኢኒንግ ተናዶ መውጣት እንደሚጀምር የሚያዩት እነሱ ናቸው።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ይሄ ገና ስላልሆነ እቆጣለሁ።

የምጠይቀው ማረሚያ ነው። የመቺዎቹ ድክመት «በዋናነት» የሜዳው ነው የሚለው ይስተካከል፤ የ1,625ቱም ቁጥር ይግባበት፤ በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ዘጋቢያችሁም ወደ ታክሲ ተራው ይምጣ፤ ቡናው በእኔ ነው። የሚመጣ ከሆነ ግን ከስድስተኛው ኢኒንግ በፊት ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ የምንናገረው ለጋዜጣ አይሆንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የታክሲ ሾፌርና የማሪነርስ ደጋፊ፣ ከሲያትል