ለደንበኞቻችን፦ ቤት የተሠራ የመዳፍ አሻራ ለምን እንደምንመልስ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ቤታችሁ ሠርታችሁ ያመጣችሁትን የውሻና የድመት መዳፍ አሻራ «አናቃጥልም» ብለን በመመለሳችን ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። ምክንያቱን ሳንነግራችሁ ከበር በመመለሳችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፦ ከእኛ በወሰዳችሁት ጭቃ ካልተሠራ አናቃጥልም። በድሬ ወግ «አንተ፣ ጭቃህን ልትሸጥብን ነው?» ብላችሁ ፊት ለፊት የተቆጣችሁን አልከፋንም። «ጭቃቸውን ለመሸጥ ነው» እየተባለ ከከዚራ ሰፈር ተነስቶ ሳቢያን ሰፈር የደረሰው ሐሜት ግን ሆድ አስብሶናል።

እቶናችን እስከ 1000 ዲግሪ ይሞቃል። ያንን ሙቀት የሚችለው ሸክላ ብቻ ነው፤ ከሚመጡልን አሻራዎች ውስጥ ግን ሸክላ ያልሆነው ይበዛል። በብዛት የሚመጣው የዱቄትና የጨው ሊጥ ነው፦ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ወደ አንድ ኩባያ ውሃ። ዱቄቱ ተቃጥሎ ጭስ ይሆናል። ጨው ደግሞ 801 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ ተንኖ የማሞቂያውን ሽቦ ይበላል፣ የእቶኑን ጡብ ይለብሳል። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚገዛው በአየር የሚደርቅ ጭቃም ማጣበቂያና የወረቀት ቃጫ ስላለበት እሳት ሲነካው ይፈረካከሳል። ጀሶም ያው ነው፤ ሲሞቅ የያዘውን ውሃ ለቅቆ ተመልሶ ዱቄት ይሆናል። ሦስቱም ደርቀው ቀለም ከተቀቡ በኋላ ከሸክላ በዓይን አይለዩም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን «ይሄ ምንድን ነው?» ስንላችሁ እንደ መርማሪ የታየነው ለዚህ ነው።

እውነተኛ ሸክላ ቢሆንም ችግሩ አያልቅም። ውስጡ እርጥበት የቀረ ሸክላ 100 ዲግሪ ሲደርስ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ያፈነዳዋል። («አየር ገብቶበት ነው» የሚባለው ልማድ ነው። የሚያፈነዳው እርጥበቱ ነው፤ የአየር ኪስ ውሃውን ይደብቅለታል እንጂ።) በአንድ ጊዜ 40 ያህል አሻራ ተደርድሮ ይገባል፤ የአንዱ ስብርባሪ የሌላውን መዳፍ ይመታል። ጀበና ቢሰበር ሌላ ጀበና እንሠራላችኋለን። የሞተ ውሻ መዳፍ ግን ከየት ይመጣል? ውሳኔው የተወሰነው እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ ነው፤ ባለቤቶቹን በየቤታቸው ሄደን አነጋግረናል።

ጨው የሚበላብን የማሞቂያ ሽቦ ከውጭ ነው የሚመጣው። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኖብናል። እንዲያም ሆኖ የማቃጠያውን ሂሳብ አልነካንም። ጀበናና የእጣን ማጨሻ ብቻ ስንሸጥ የመዳፍ አሻራ እንድንጀምር የጎተጎታችሁን እናንተ ናችሁ፤ ያንን አልረሳንም።

ከእንግዲህ የምናቃጥለው ከእኛ በወሰዳችሁት ጭቃ የተሠራውን፣ ቀለም ያልነካውን ብቻ ነው። እሽጉ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ለትልቅ ውሻ መዳፍ በቅቶ ይተርፋል። ተፈጭቶ የተነፋ ገል (የሸክላ ስባሪ) ስላለበት ቶሎ አይሰነጠቅም። ለጭቃው የከፈላችሁት ከማቃጠያው ላይ ይቀነስላችኋል። ሐሜቱ ይህችን አልጨመረም።

አሠራሩ ይህ ነው። ጭቃውን እንደ ሊጥ አሹትና ጋዜጣ በተነጠፈበት ጣውላ ላይ በጠርሙስ ዳምጡት። ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ከ1.5 አይብለጥ፤ ለድመት 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ለውሻ 14 ይበቃል። በመዳፉ ጣቶች መካከል ያለውን ጠጉር ከርክሙ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ። እንስሳው ቆሞ እንዲረግጠው አትጠብቁ፤ እግሩን ይዛችሁ ጣት በጣት ከላይ ተጫኑ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከሰመጠ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ከሥር የሚቀረው ሳስቶ ይሰነጠቃል። ስታነሱ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። አሻራው ከተበላሸ በላዩ ላይ ደግማችሁ አትጫኑ፤ መልሳችሁ አሹትና እንደገና ዳምጡት። የውሻ ጥፍር ራሱ ይወጣል፤ ድመት ጥፍሯን ስለምትሰበስብ ባይታይ ጉድለት አይደለም። (የጅብ መዳፍ ላምጣ ላላችሁን የሐረር ልጆች፦ አራት ጣት አለው፣ ጥፍሩም ይወጣል። እግሩን የሚይዝላችሁ ካገኛችሁ እኛ እናቃጥላለን።) ስሙን በስቴኪኒ ጻፉ፤ የክር ቀዳዳውን ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በስትሮ ብሱ። ጭቃው ደርቆ እስኪቃጠል ከመቶ አስር እጅ ያህል ይኮማተራል፤ 6 ሴንቲ ሜትር የነበረ መዳፍ ወደ 5.4 ይወርዳል። «አሳነሳችሁት» የምትሉን ይህንን ነው።

እንስሳው ከሞተ አትዘግዩ። በድሬ ሙቀት እግሩ ቶሎ ስለሚገተር በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሱ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ማድረቅ ላይ ነው። በእኛ ከተማ ነፋስ ጠርዙ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ መሐሉ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፤ ያኔ ይጣመማል ወይም ከመሐል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለት ቀን በፌስታል ሸፍኑት፣ ከዚያ ገልጣችሁ በየቀኑ እያገላበጣችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት። ፀሐይ ላይ ወይም ቬንቲሌተር ሥር አታስቀምጡት። ድሬዳዋ ላይ አንድ ሳምንት፣ ሐረር ላይ ብርድ ስላለ አሥር ቀን ስጡት። መድረቁን ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ውሃ አለው ማለት ነው።

በሊጥ የሠራችሁትን አትጣሉት። በ100 ዲግሪ ምድጃ እያገላበጣችሁ ሦስት ሰዓት ያህል አድርቁት፤ እስከ ውስጡ ከጠነከረና ከበረደ በኋላ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት፣ ከእርጥበትም አርቁት። በተለይ ከውሻው አርቁት፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻን 40 ግራም ያህል ጨው ሊገድለው ይችላል፤ በአንድ አሻራ ሊጥ ውስጥ ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ከበላ ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ከሐረር የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የምትመጡ፣ ያልተቃጠለ ደረቅ ሸክላ እንደ ብስኩት ነውና በፎጣ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት፤ የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንዳይጫን። ስትደርሱ እኛም ጉንጫችን ላይ እናስጠጋዋለን። ካልደረቀ መደርደሪያችን ላይ ያለ ክፍያ እናቆየዋለን፤ ተመልሳችሁ አትሄዱም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸክላ ቤቱ ባለቤት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ