የወህኒ ጠባቂውን አትቁረጡት

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኤቨረት ሚሌ «የመፈታት ትእዛዝ፣ 1746» ሥዕል የወጣው ጽሑፍ ከግማሽ በላይ የሞዴሏ የትዳር ወሬ ነው። ለሥዕሉ ሴት ሞዴል የሆነችው ኤፊ ግሬይ ያኔ የሥነ ጥበብ ሃያሲው ጆን ረስኪን ሚስት ነበረች፤ ኋላም ሠዓሊውን አገባች። እውነት ነው። ግን ሥዕሉ በ1853 እ.ኤ.አ. ለንደን በሮያል አካዳሚ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲቀርብ ሕዝቡ ተጋፍቶ ፖሊስ እስከማቆም ተደርሷል። የረስኪን ትዳር የፈረሰው ደግሞ በዓመቱ ነው። ታዲያ ሰዉን የሳበው ሐሜቱ ሊሆን አይችልም።

ሥዕሉን ራሱን እንየው። በ1746 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ አማፅያን በብሪታንያ መንግሥት ጦር ከተሸነፉበት ከከሎደን ጦርነት በኋላ የታሰረ ስኮትላንዳዊ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ፊቱን ሚስቱ ትከሻ ላይ ደፍቷል። ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል። ውሻው እንኳ እነሱ ላይ ተንጠላጥሏል። እሷ በባዶ እግሯ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም። ቤተሰቡን የተሸከመችው እሷ ናት፣ ጽሑፋችሁ ግን «ቆንጆ» ብሎ አልፏታል።

ከሁሉ የከፋው ፎቶው ነው። የወህኒ ጠባቂውን ቆርጣችሁ ስላወጣችሁት የቀረው የባልና ሚስት መተቃቀፍ ብቻ ሆነ። ጠባቂው እኮ የመፈታት ትእዛዙን ወረቀት ገና እያነበበ ነው! እስረኛ ለማስፈታት ደጅ የጠና ሰው ያቺን ደቂቃ ያውቃታል።

በሚቀጥለው እትም ሥዕሉን ሳትቆርጡ በሙሉ ገጽ አውጡት። ከሥሩም ለንደን በቴት ብሪቴን ሙዚየም እንደሚገኝና በ1746 ምን እንደተፈጠረ በሁለት መስመር ጻፉ።

አንባቢያችሁ