ባቡር ያልመጣለት ሐዲድ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደምታውቂው ነው። ድሬ ይብሳል አሉ፤ ውሃ ጠጪ።

ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ፣ የእኛ አገር የሸዋ ሮቢት ሐዲድ ለምንድን ነው ባቡር የማይሄድበት?» አልሽኝ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ።

እኔ ባቡር ጣቢያ ምን እንደሆነ ያወቅሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። በወጣትነቴ መልካ ወረር ጥጥ ለቀማ ወርጄ፣ ገንዘብ ሲገኝ አዋሽ ብቅ እል ነበር። ከተማው ሰዓቱን የሚቆጥረው በባቡር ነበር። «ከባቡር በፊት ና»፣ «ባቡር ካለፈ በኋላ እንገናኝ» ይባላል። ፉጨቱ ከሩቅ ሲሰማ የተኛው ሁሉ ይነሳል። አንድ ቀን አንዲት ሴት የተቀቀለ እንቁላል በመስኮት አቀበለች። ሰውየው ኪሱን ሲዳብስ ባቡሩ ተነሳ። ነጠላዋን አሸርጣ ከፉርጎው ጎን ሮጠች። በመጨረሻ አንድ ብር ወረወረላት፤ እሱንም ነፋስ ወሰደው። እኔና አንድ ልጅ እሾህ ውስጥ ገብተን አወጣንላት። ሁለት እንቁላል ምራቂ ሰጠችን።

ከድሬ የሚመጣው ደግሞ ጉድ ነበር። ሴቶቹ አራት አምስት ቀሚስ ደርበው ይወርዳሉ። በዚያ ሙቀት! የኮንትሮባንድ ፈታሽ ሲመጣ ሁሉም «የራሴ ልብስ ነው» ባይ ነው።

ምኒልክ የዚያን የድሮውን ሐዲድ ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. አንቺ ያለሽበት ደረሰ። ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አስቸገረና ከታች በሜዳው ቀረ። ድሬዳዋ የተወለደችው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ክርክር በዛ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር። ያኔ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬ፣ አንዱን አዋሽ ያድራል። የአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ስም ያወጣው በዚህ ነው። እኔ አንድ ቀን ብቻ ገብቼ ማኪያቶ ጠጣሁ፤ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥሁ።

በጥር 1977 ዓ.ም. እዚያው አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እሱን ልዝለለው።

ወደ እኛው ልመለስ። የእኛ ሐዲድ ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ወልዲያ አካባቢ ሐራ ገበያ ይደርሳል። ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። ቱርኮቹ ሥራውን በ2007 ዓ.ም. ጀመሩት። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኤሌክትሪኩ ዘገየ፤ ባቡሩ ያለ ኤሌክትሪክ አይንቀሳቀስም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደረሰ፤ ስንት ንብረት ወደመ፣ ተዘረፈ። ነገሩ ይኸው ነው።

ሰው የሚያወራው ስለ መንገደኛው ነው። እኔ የምጠብቀው ጭነቱን ነው። ማሾአችን አሁን በአይሱዙ ጣርማ በርን ይወጣል፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ቆላ ተዘርቶ፣ ደጋ ወጥቶ፣ መልሶ ቆላ! በሐዲዱ ቢሆን ቁልቁል አዋሽ ነው፤ እዚያ ከጅቡቲው መስመር ጋር ይገናኛል። ሽንኩርቱንማ ተይው። ባለፈው መኪናው ዳገቱ ላይ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ቆመ። ግማሹ በስብሶ ደፋነው። እናትሽ እስካሁን ሂሳቡን እየደጋገመች ትነግረኛለች።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቅዳሜ ክፍል ከሌለሽ ከዚራ ሰፈር ሂጂና አሮጌውን ጣቢያ ከፊት ለፊቱ ፎቶ አንሺልኝ። ሐዲዱም ይታይ። በቴሌግራም ላኪው፤ ወንድምሽ ይከፍትልኛል።

አባትሽ