ልጓሙ ለማን ነው?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባወጣችሁት ጽሑፍ ክርክሩ በሰንደቅ ዓላማና እስከ መገንጠል ያለውን መብት በሚደነግገው በአንቀጽ 39 ዙሪያ ብቻ መታጠሩ ትክክል አይመስለኝም። አንቀጽ 54(2) እምብዛም አይነሳም። በዚህ አንቀጽ መሠረት በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያገኘው ዕጩ ያሸንፋል፤ ከመቶ መራጮች 30ው ለአንዱ ሰጥተው ቀሪው ድምፅ ለሌሎች ቢበታተን፣ 70ዎቹ ወኪል አልባ ይቀራሉ። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ሲይዙ፣ በሰፈሬ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ በተለጠፈው የውጤት ወረቀት ግን የተቃዋሚዎች ድምፅ ጥቂት አልነበረም። ቆሜ በጣቴ እየተከተልኩ ደምሬዋለሁ። ያ ድምፅ ከዚያ በር አላለፈም። (የምርጫው ተአማኒነት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።)

ሌላው የሥልጣን ዘመን ነው። አንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል፤ ሥራው ግን በአመዛኙ ሥነ ሥርዓት ማድመቅ ነው። ጦሩን በበላይነት የሚያዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ገደብ የለበትም። ልጓሙ የተበጀው ለማይጋልበው ፈረስ ነው።

ማሻሻያው በአንቀጽ 104 መሠረት ሲጀመር፣ የመቀመጫዎቹ ሲሶ ፓርቲዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ባገኙት ድምፅ ልክ እንዲደለደል፣ በአንቀጽ 72 ላይም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የሁለት የምርጫ ዘመን ገደብ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ