ሐረማያ የተመደበ ባለትዳር ቤት የት ይከራይ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዝና የቤት ኪራይ በየጊዜው ትጽፋላችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። ልጆቹን ይዞ የሚዛወር ሰው የት ከተማ ይግባ የሚለውን ግን የሚነግረው የለም። ባለቤቴ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ የምንኖረው ሐረር ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ሐረማያ የተመደበ ሰው ሦስት ምርጫ አለው። አንዱ እዚያው ግቢው አካባቢ፣ ባቴ ወይም ሐረማያ ከተማ መኖር ነው። ሁለተኛው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ሐረር ናት። ሦስተኛው ድሬዳዋ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰው ይህን ሲሰማ የሚያወዳድረው ኪራይና የአየር ጠባይ ነው። ከዚያ በፊት ማየት ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ ሦስቱ ቦታዎች የሚተዳደሩት በሦስት መንግሥት ነው። ሐረማያ ኦሮሚያ ውስጥ ነች፣ ሐረር የሐረሪ ክልል ነች፣ ድሬዳዋ ደግሞ ራሷን የቻለች የከተማ አስተዳደር ነች። በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፈው ስለሚታዩ ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲኬድ ነው የሚታወቀው።

ኦሮሚያ ውስጥ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያስተምረው። ልጁ ገና ኬጂ ወይም አንደኛ ክፍል ከሆነ እኔ በበኩሌ ያለ ፍርሃት አስገቡት እላለሁ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ቋንቋውን ይይዘዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠቅመው ሀብት ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከፊቱ አለ፣ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በማያውቀው ቋንቋ ተማር ማለት ልጁን መበደል ነው። ሐረርና ድሬዳዋ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለኛ ቤተሰብ ምርጫውን የወሰነው ይኸው ነበር።

የትዳር ጓደኛ ሥራም እንደዚሁ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሆና ዝውውር የምትጠይቅ ሚስት ድሬዳዋ ብትሄድ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው፣ ሐረሪ ክልል ሐረሪና ኦሮምኛ፣ ሐረማያ ወረዳ ኦሮምኛ። ባል ተቀጠረ ተብሎ ሚስት ሥራ ፈታ ቤት የምትውልበት ሁኔታ የሚጀምረው ይህን ሳይጠይቁ ዕቃ ሲጫን ነው። በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ድሬዳዋን ብዙ ሰው የሚመርጣት ሰዋ ተጫዋች ስለሆነች፣ አውሮፕላንና ባቡር ስላላት ነው፣ አልፈርድም። ነገር ግን በየቀኑ የደንገጎን ዳገት መውጣትና መውረድ አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ዩኒቨርሲቲው 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ያን ሁሉ ዳገት ከከባድ መኪና ኋላ ኋላ እያሉ፣ በክረምት ደግሞ በጉም ውስጥ መሄድ ነው። ልጆቹ ሳይነሱ ወጥቶ ደክሞ የሚገባ አባት ለቤቱ ብዙም አይተርፍም። የወባ ትንኝም አለ፤ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ብዙ ሺህ ሰው አልጋ ላይ የጣለባት ከተማ ናት። ሕፃን ያለው ሰው አጎበሩን አይርሳ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት በርካሽ ቢገኝም አይገባም፣ በ1998 ክረምት ጎርፉ ስንት ሰው እንደበላ የድሬ ሰው ያውቀዋል።

ሐረርም ችግር አላት፣ እሱም ውሃ ነው። ድሮ የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፣ ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ እየተገፋ የሚመጣ ውሃ ላይ ወደቀች። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። ስለዚህ ሐረር ቤት የሚያይ ሰው ሳሎኑን ሳይሆን ሮቶውን ይይ፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝና ከስንት ቤተሰብ ጋር እንደሚጋራው ይጠይቅ። ይህን ደላላው አይነግራችሁም፣ ጎረቤት በር አንኳኩታችሁ ጠይቁ፣ የሐረር ሰው ቡና ሳያጠጣ አይመልሳችሁም። ወደ ሥራ መንገዱ አጭር ነው፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ሲዘጋው ካልሆነ በቀር።

ትምህርት ያልጀመረ ልጅ ያላቸው ግን ግቢው አካባቢ ቢኖሩ ደስ ይለኛል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ አባት ወይም እናት ለምሳ እቤት ይደርሳሉ።

ዩኒቨርሲቲዎች ከቅጥር ደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ ቢጨምሩ ምን ይጎዳቸዋል? በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች በምን ቋንቋ ያስተምራሉ፣ ሰርቪሱ እስከ የት ይሄዳል፣ ስንት ሰዓት ይመለሳል፣ ለባለትዳር የግቢ ቤት አለ ወይስ ወረፋ ነው? እናንተም ጅማና አርባ ምንጭ፣ ደብረ ብርሃንና ዲላ ያሉ ቤተሰቦች የየከተማቸውን እንዲጽፉ አንድ ዓምድ ክፈቱልን።

አንዲት እናት፣ ከሐረር